ለአባ ግራ እጅ የሚሆን ድሪል

ጥር 15፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10፡00። ኮምቦልቻ

የ11ኛ ሐ ወረቀት አለቀ። ስልሳ አራት ተማሪ። ግማሹ ቮልትና አምፒርን እንዳምታታ ከርሟል። ሙቀቱ ከባድ ነው። መስኮቱን ስከፍት አቧራ፣ ስዘጋ ወበቅ። ዘጋሁት።

እማ ደወለች። አፏ ደህና ነኝ ይላል፣ ትንፋሿ ግን አይልም። አባን ከሽንት ቤት መልሳ ማስተኛቷ ነበር። ከሆ/ል ከወጡ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ስትሮኩ ቀኝ ጎናቸውን ነው የያዘው፤ እግራቸው ትንሽ ትንሽ ይታዘዛል፣ እጃቸው ምንም። ንግግራቸው ተመልሷል። ግን እያንዳንዱን ቃል ከጉድጓድ እየቀዱ ነው የሚያወጡት። አርባ ዓመት አናጺ የነበሩ ሰው። በዚያ በቀኝ እጅ።

ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሦስት ደረጃ ወርዶ፣ የውሃውን ቧንቧ አልፎ። ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ፣ ከዚያ ውጪም አለ። እማ ትሸከማቸዋለች። ተሸከምኩ ብላ ግን አታውቅም። ደገፍኩት ነው የምትለው።

ይማምም ደውሎ ነበር። ታላቅ ወንድሜ፣ አዳማ ነው የሚኖረው። እሱ ነገሩን ጨርሷል። የካቲት ሲገባ መኪና ይዞ ይመጣል፣ ረመዷን ሳይገባ አባን ይወስዳል። እሱ ቤት ደረጃ የለም፣ ሽንት ቤቱም ከውስጥ ነው። እውነቱን ነው፣ ምን ይባላል። አባን ጠይቀሃቸዋል ወይ አልኩት። ስለ መኪናው ያወራ ጀመር። እኔ ግን ከእማ ሰምቻለሁ፤ ከሠራሁት ቤት በቃሬዛ ካልሆነ አልወጣም ብለዋል።

ነገ ት/ቤት ይዘጋል። ሁለት ሳምንት ዕረፍት። ደብተሬ፣ እኔም ነገሩን ጨርሻለሁ። ሄጄ ቤቱን እንዲመቻቸው አደርገዋለሁ። በገዛ እጄ። ሌላ አናጺ እንዳይገባ ከልክለዋል፤ የሰው መዶሻ ቤቴ ውስጥ አልሰማም ብለዋል። የልጅ መዶሻ አላሉም።

ችግሩ የአናጺ ልጅ ሆኜ ሚስማር መትቼ አላውቅም። ሙያውን የተማረው ይማም ነው፤ እሱም ትቶት እህል ይነግዳል። እኔን ከመጋዙ አጠገብ ያባርሩኝ ነበር። ሴት ልጅ ጣቷን ትጠብቅ እያሉ።


ጥር 17፣ ቅዳሜ። ደሴ፣ ሆጤ

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ተዘጋ፣ ብርዱ ጀመረ። ጃኬቴ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣው ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ። የራሴ ጥፋት።

አባ ጥግ ላይ ተኝተዋል። ሰላም ብዬ እጃቸውን ልስም ስጎነበስ ከልማድ ወደ ቀኝ ሄድኩ። መለስ ብዬ ግራውን ሳምኩ። አይተውኛል። ምነው ባላዩኝ።

ብዙ አናወራም። ከተፋታሁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ያኔ ለምን ተፋታሽ ብለው አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስለ ቁምሳጥኑ ነው፣ ለሰርጌ ከዋንዛ ስለሠሩልኝ። እዚያው ትቼው ወጣሁ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ያለው ሰላምታና ዱዓ ነው።

ሜትር ይዤ ስዞር ዋልኩ። ተሽከርካሪ ወንበሩን የመስጊዱ ጀመዓ ነው ያዋሳቸው። ስፋቱ 66 ሴ.ሜ.። የበሩ ክፍተት 64። ሁለት ሴንቲ! ለዚህች ሁለት ሴንቲ ነው እማ ወገቧን የምትሰብረው። ወንበሩ እስከ በሩ ይመጣል፣ እዚያ ላይ አባን ታነሳለች፣ ታወጣለች፣ ታወርዳለች።

የበሩ መቃን ሁለቱም ጎን ላይ የተጠረበ ሐረግ አለ፣ ወደ ውስጥ ሦስት ሦስት ሴንቲ የወጣ። አባ እማን ባገቡ ዓመት በእጃቸው ነው የጠረቡት። እሱ ቢነሳ ክፍተቱ 70 ይሆናል። ለማንም አልተናገርኩም። ቁጥሩን ጻፍኩና ሜትሩን አጠፍኩ።

የቀረው ግልጽ ነው። ከአልጋቸው እስከ በሩ በግድግዳው ላይ መደገፊያ። ሽንት ቤት ውስጥም መደገፊያ። ደረጃው ላይ የሳንቃ መንሸራተቻ።

መብራት ከሐሙስ ጀምሮ የለም። ሲመጣም አምፖሉ እንደ ፍም ይቀላና ይጠፋል እንጂ አያበራም ትላለች እማ። የአባ ትልቁ ትራፓኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሳቸው ድሪልን ትራፓኖ ነው የሚሉት። በዚህ መብራት አይዞርም። እንግዲህ በባትሪ የሚሠራ መግዛት ነው።


ጥር 19፣ ሰኞ። ከቀኑ 9፡00

ሰኞ ገበያ በሰኞ ቀን። እግር መጣያ የለም። ጀማል ሱቅ ለመድረስ በሰው ትከሻ ላይ የተንሳፈፍኩ መሰለኝ።

ጀማል ድሮ የአባ ተማሪ ነበር። አሁን የመሣሪያ ሱቅ አለው። ጋሽ ሰይድ እንዴት ናቸው ብሎ ሲጠይቅ ዓይኑ ረጠበ፣ ቶሎ ብሎ መደርደሪያው ላይ ያለ ነገር ያስተካክል ጀመር።

ድሪሎቹን አወረደልኝ። አንዱ ባትሪው ላይ 48 ቮልት ይላል፣ ሌላው 98። በመጠን አንድ ናቸው። እስቲ ባትሪውን ክፈተው አልኩት። ሳቅ አለ። ፈታው። ውስጡ አምስት ድንጋይ። አምስት ድንጋይ ሞልቶ ሲያበቃ 21 ቮልት ነው፤ ዘጠና ስምንት ከየት ይመጣል? ጀማል አፈረ። ወላሂ እኔ አልጻፍኩትም፣ ገዢው ትልቁን ቁጥር ካላየ አይነካውም፣ አለ። ከዚያ ከኋላ ገብቶ እውነቱን 21 ብሎ የጻፈ አመጣ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቅኩት። የባትሪውን ነገር፦ ባለ 2 አምፒር ሰዓት ቀላል ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ባለ 4 እጥፍ ይቆያል፣ ክብደቱ ይሰማል። ባለ ካርቦን ሞተሩ ረከስ ይላል፤ ካርቦን የሌለው ባትሪ ይቆጥባል። ዋናው ምክሩ ግን ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ባትሪውን ምረጪ፣ መሣሪያው ይከተላል። የአንዱ ፋብሪካ ባትሪ ለሌላው አይገጥምም። ድሪሉም መጋዙም መብራቱም በአንድ ባትሪ እንዲሠራ አድርጊ፣ አለበለዚያ ቤትሽ በቻርጀር ይሞላል።

ገባኝ። ጠንካራውን ድሪል መረጥኩ፣ ብሎኬትም የሚበሳውን። በዚያው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መጋዝ። ባለ 4 ባትሪ ሁለት፣ አንዱ ሲሞላ አንዱ እንዲሠራ።

በመንገድ ላይ ካርቶኑን ታቅፌ ስሄድ ኮራሁ። አስተማሪነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሌዳ ወረደ።


ጥር 20፣ ማክሰኞ። ረፋድ

ኩራቴ አንድ ሌሊት አላደረም።

ካርቶኑን አባ ፊት ከፈትኩት። ደስ ይላቸዋል ብዬ። ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። ያዙት፣ ከብርድ ልብሱ ላይ አንድ ስንዝር ያህል አነሱት፣ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። ወደቀ። ጉልበታቸው ላይ።

አመመዎት ወይ አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኃይሉን፣ ፍጥነቱን፣ ሰዓቱን ሁሉ ቆጥሬያለሁ። ኪ/ግ አልቆጠርኩም። ለራሴ ነበራ የምገዛው። እሳቸው መያዝ ይፈልጋሉ ብሎ ያሰበ ማን ነው?

እማ አብሽሪ አለችኝ በዓይኗ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።


ጥር 21፣ ረቡዕ። ማታ 12፡00

ዛሬ ሌላ ቀን ነው።

ጠዋት መደገፊያውን ልገጥም ተነሳሁ። የቱቦላሬ ብረቱን ብየዳ ቤት አስቆርጬ ነው ያመጣሁት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ መያዣ ተበይዶለት። ግድግዳው ጭቃ ነው። ድሪሉን ደገንኩ፣ ገባ፣ እንደ ቅቤ። ብሎኑን አሰርኩ። በጣቴ ሳብ ሳደርገው ከነአፈሩ ወጣ። ሁለተኛ ሞከርኩ። ሌላ ጉድጓድ። ሦስተኛ። ግድግዳው ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለ።

ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

“ማገር ነው።”

ዞርኩ። አባ ናቸው። ፊታቸው ወደ እኔ ነው።

“ማገር ሰው አይሸከምም። ቋሚውን ፈልጊ።”

የት ነው አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከበሩ መቃን ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት። የማን ስንዝር? የእኔ፣ አሉ። ግራ መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ እንዳለ ዘረጉት። ሄጄ በሜትር ለካሁት። 23 ሴ.ሜ.። ሒሳቡን ሠርቼ ግድግዳውን በጣቴ አጥንት መታሁ። እስካሁን ዱፍ ዱፍ ሲል የነበረው ጭቃ እዚያ ላይ ደቅ አለ። ድሪሉን ሳስገባ ጮኸ፣ እንጨቱ ሽታ አመጣ። ጥድ። አባ ሽታው ሲደርሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የሚቀጥለው? ሦስት ስንዝር። ከዚያ በኋላ ያለው ጠማማ ነው፣ ወደ ግራ ሁለት ጣት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጭቃ የተሸፈነ እንጨት፣ አንዱን ሳይስቱ። ለእሳቸው ግድግዳው መስታወት ነው።

ስምንት ብሎን። ተንጠለጠልኩበት፣ በሙሉ ክብደቴ። አልነቃነቅም አለ።

ከእሳቸው ጋር እንደዚህ ያወራሁት መቼ ነው? አላስታውስም። ያወራነው ስለ እንጨት ነው። ይሁን።

ሁለቱም ባትሪዎች አለቁ። መብራት የለም። ዓርብ ኮምቦልቻ ወርጄ ክፍሌ ውስጥ ሞልቼ እመለሳለሁ።


ጥር 23፣ ዓርብ። ከቀኑ 8፡30። ኮምቦልቻ

ባትሪዎቹ ሶኬት ላይ ናቸው። ቀይ ብርሃን። አረንጓዴ እስኪሆን መጠበቅ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ዋናው መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ገባሁና ሻጩን፣ ያለህን ድሪል ሁሉ አውጣ፣ ሚዛንም አምጣ አልኩት። ግራ ተጋባ። ከጎረቤት የቅመም ሚዛን ተዋሰልኝ። እያንዳንዱን ከነባትሪው መዘንኩ። የኔው ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ከሁሉም ትንሿ፣ ሦስት ድንጋይ ብቻ ያላት ባለ 12 ቮልት፣ ዘጠኝ መቶ ግራም። ባትሪዋ እጀታው ውስጥ ነው የሚገባው፤ በእግሯ ስለማትከብድ የመዳፍ መሃል ላይ ትቆማለች። አቅጣጫ መቀየሪያዋ በግራ አውራ ጣትም ይደረሳል፤ ደጋግሜ ሞከርኩት። ሻጩ ለብሎኬት አትሆንም፣ ባትሪዋም ከሌላው አይገጥምም፣ ለምን ሁለት ዓይነት ታደርጊያለሽ አለኝ። የጀማልን ምክር ነው የሚደግመው። ትክክል ነው። ገዛኋት።

እንዲህ ያለ ስህተት ስሠራ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

9፡15። ጀማል ደወለ። እማ ወድቃለች። አባን ከሽንት ቤት ስታመጣ፣ ደረጃው ላይ። እሱ ሊጠይቃቸው ሄዶ ደጅ ላይ ነው ያገኛቸው፣ ሁለቱንም መሬት ላይ። አባ ምንም አልሆኑም፤ እሷ ላይ ነው የወደቁት። ሆ/ል እየወሰዳት ነው።

ባትሪው ገና ቀይ ነው። ነቅዬ


ጥር 24፣ ቅዳሜ። ረፋድ። ደሴ

የእማ ግራ አንጓ ተሰብሯል። ጀሶ። ስድስት ሳምንት አሏት። ጎኗም ተገጭቷል፤ ስትተነፍስ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ትናንት ጎኗ ተቀምጬ ስለ ገዛኋት ድሪል ነገርኳት። ምን ልንገራት ብዬ እንደሆነ እንጃ። ቀላል ናት፣ ለአባ ግራ እጅ ትሆናለች አልኩ። ሰማችኝና፣

“ለአባትሽ እጅ መሣሪያ ገዛሽለት። አላህ ይስጥሽ” አለች። ጀሶዋን አየት አድርጋ፣ “ለእኔ እጅስ፣ ልጄ?”

አልተቆጣችም። እንደ ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

ስትወድቅ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ሦስተኛዋ ነው። ሁለቱን ደብቃለች። እኔም እዚህ ሳምንት ሙሉ ሜትር ይዤ ስዞር በር ለካሁ፣ ግድግዳ ለካሁ፣ እሷን አንድ ቀን ልብ ብዬ አላየኋትም። ሽንት ቤት ገብታ ስትወጣ እንኳ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ይህን ያየሁት ዛሬ ነው።

ደብተሬ፣ ሌላ የምጽፈው የለኝም።


ጥር 26፣ ሰኞ። ከቀኑ 11፡00

ሁለት ቀን አባን ያነሳሁ እኔ ነኝ። አሁን ክብደታቸውን አውቃለሁ። እማ ይህን ከመቼ ጀምሮ...

ሥራ ግን ቆሞ አያውቅም። የሽንት ቤቱ ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ትልቁ ድሪል ነው የሚያስፈልገው። እየመታ በሳው፤ ጥርሴ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ አንዱ ባትሪ እዚያው አለቀ። መደገፊያው ገባ። ደረጃው ላይ ሳንቃ ሊነጠፍ ነው፤ ለእሱ ትንሿ ትበቃለች።

ትንሿን አባ እጅ ላይ አደረግኩ። በወንበሩ እስከ በሩ አምጥቻቸዋለሁ፣ ሳንቃውን ጭናቸው ፊት በሁለት በርጩማ ላይ አጋድሜያለሁ። መዘኗት። ጣታቸው ቁልፏን አገኘ። ዚር አለች። ትንሽ ደንገጥ አሉ፤ አቆሟት። እንደገና ዚር።

ቀዳዳውን በእርሳስ ምልክት አድርጌ ነበር። የመጀመሪያው ሳተ፣ ተንሸራቶ ሳንቃውን ቧጠጠው። የምን ስድብ እንደሆነ ያልገባኝ ነገር አጉተመተሙ። ሁለተኛው ገባ። ቀጥ ብሎ። ሦስተኛው። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ወረደ። አሥራ ሁለት ቀዳዳ ነበር የሚያስፈልገው፣ ሰባቱን እሳቸው ናቸው የበሱት። ከዚያ ደከሙ፣ ድሪሏን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ አልመለሷትም።

እማ ከአልጋዋ ቀና ብላ ታይ ነበር። ያን ግራ እጅህን ቀድመህ ማስተማር ነበረብህ አለቻቸው። አባ ሳቁ። ከበሽታው ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። ሳቁ በግራ ጉንጫቸው ብቻ ነው የመጣው። እማ ፊቷን ዞር አደረገች።


ጥር 28፣ ረቡዕ

በሩ ቀረ።

ስፈራው የሰነበትኩት ነገር ነው። ዛሬ ነገርኳቸው። ሁለት ሴንቲ ጎድሎናል፣ ያለው እዚያ ሐረግ ላይ ነው አልኩ። በወንበሩ አቅርቢኝ አሉ። በግራ እጃቸው ከታች እስከሚደርሱበት ዳሰሱት። አበባውን፣ ቅጠሉን። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ እዚህ ላይ መሮው አምልጦኛል፣ እናትሽ እንዳታይ በሰም ሞልቼዋለሁ አሉ።

አይቼዋለሁ አለች እማ ከወዲያ። ያኔውኑ።

“ቁረጪው” አሉ።

እርግጠኛ ነዎት አባ?

“እንጨት ነው። ለሰው ነው የሠራሁት። ሰው ካላሳለፈ ምን ያደርጋል።”

ትናንት ሌሊት መብራት መጥቶ ባትሪዎቹ ሞልተዋል፤ አዲስ የመጋዝ ምላስ አስገባሁ። ጀማል ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበር፣ መቃኑን ደግፎ ያዘልኝ። መጋዙ እንዳይስት ክንዴን ጎኔ ላይ አጣበቅኩ። አባ ፍጥነቱን ያዙኛል፦ ቀስ። ቀስ። አትግፊው፣ ራሱ ይብላ። ዋንዛው ደርቆ ብረት ሆኗል፤ ባትሪ በአንድ ጎን አለቀ፣ ሁለተኛውን ተካሁ። አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ። አቧራው ነው እንበል።

ሐረጉ ሳይሰበር በረዥሙ ወጣ። ሁለቱም። በሩ የሚያርፍበት እንዳይጠፋ ቀጭን ጣውላ በስተኋላ ምቱበት አሉን፤ መታንበት።

ወንበሩን ገፋሁ። አለፈ። በሁለት በኩል ሁለት ሁለት ሴንቲ ቀርቶት። መንሸራተቻውን ወረደ። አባ ግቢው መሃል ሆነው ሰማይ ተመለከቱ። ብርድ ነበር። ይግቡ አላልናቸውም።


የካቲት 1፣ ቅዳሜ። ማታ 1፡00

ይማም መጣ። የአባን ልብስ የሚከትበት ሻንጣ ሁሉ ገዝቶ ነው የመጣው።

ሁሉን አሳየሁት። መደገፊያውን ነቀነቀው። መልካም ነው አለ። ግን ሐያት፣ ብረት ሰው አይጠብቅም፤ አንቺ ሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ፣ እማ አንድ እጅ ናት፣ ሲወድቁ ማን ያነሳቸዋል? ልክ ነው። ልክ በመሆኑ ተናደድኩ፤ ተጯጯህን። ሁለት ዓመት ያልተባለ ሁሉ ተባለ። አንቺ ትዳርሽን ጥለሽ ኮምቦልቻ ብቻሽን ስትኖሪ ማን ጠየቀሽ አለ። አንተስ መላጊያውን ጥለህ ስትሄድ አልኩ።

አባ አልጋቸውን በመዳፋቸው መቱ። አንዴ።

“ይማም። መኪናህ ባዶ አትመለስም።” ትንፋሽ ወሰዱ። “እናትህን ውሰዳት።”

እማ፣ ምን አልክ አለች።

“ወስደህ አስተኛት። ከታመምኩ ወዲህ እንቅልፍ ስትተኛ አላየኋትም። እኔን ሰምታ ትነሳለች። እዚህ እስካለች እጇ አይድንም።”

እማ እምቢ አለች። አለቀሰች። በረመዷን ባሌን ጥዬ የት ልሂድ፣ ሰው ምን ይላል። አባ የመለሱላትን አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። ቀስ ብለው ነው የነገሯት። እኔና ይማም ወደ ግቢ ወጣን።

ግቢ ውስጥ ይማም አፉ በይኝ አለኝ። አፉ ብዬሃለሁ አልኩ፣ አንተም በለኝ። ማን ይጠብቃቸዋል አለ እንደገና፣ አሁን በለስላሳው። በዚህኛው መንፈቅ ከሰዓት ፈረቃ ነኝ አልኩት። ጠዋቱን እዚህ ነኝ፣ ምሳ አብልቼ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ጀማል ከዙህር እስከ እኔ መመለሻ እሳቸው ጋ እቀመጣለሁ ብሏል፤ ሱቁን ወንድሙ ይይዝለታል። የኮምቦልቻውን ክፍል እለቃለሁ።

ክፍሉን መልቀቄን ግን ቀድሜ ያሰብኩት አልነበረም። አፌ ወሰነ፣ እኔ ተከተልኩ።


የካቲት 2፣ እሑድ። ረፋድ

ሄደች። አዲሱ ሻንጣ የአባን ሳይሆን የእሷን ልብስ ይዞ። መኪናው ሲነሳ መስኮቱን አስወርዳ የመድኃኒታቸውን ሰዓት ደገመችልኝ። አራተኛ ጊዜዋ ነው።

አባ በሩ ላይ በወንበራቸው። ግራ እጃቸውን አነሱ፣ መኪናው ከታጠፈም በኋላ ትንሽ አቆዩት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለታችን። ሽሮ ሠራሁ፤ ጨው በዝቶበታል። በሉት።


የካቲት 3፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡00

ለፈጅር ከእሳቸው ቀድሜ ነቃሁ። ላነሳቸው ስቀርብ ግራ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ። መደገፊያውን ያዙ። ጉልበታቸው ሁለቴ ከዳቸው፣ በሦስተኛው ተነሱ፣ ወደ ወንበሩ ዞሩ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በአንዱ ሌላውን ያዝኩት።

እስከ ሽንት ቤቱ ገፋኋቸው። ከዚያ መደገፊያውን ይዘው ገቡ። በሩን ከውስጥ ዘጉት።

እማ ናት ይህን ስታደርግላቸው የኖረችው። እኔ ሴት ልጃቸው ነኝ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲያስጨንቀኝ የዋለው ይህ ነበር፤ እሳቸውንም እንዳስጨነቃቸው ከዓይናቸው አውቃለሁ።

ቆምኩ። ብርዱ ከእግሬ ይገባል። ከውስጥ የውሃ ድምፅ። ፀጥታ። ትንፋሽ። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ወደቀ፣ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። አባ ብዬ እጀታውን ያዝኩ። ገፋሁት ማለት ይቻላል።

“አልጠራሁሽም” አሉ ከውስጥ።

ድምፃቸው መሬት ላይ አልነበረም። የቆመ ሰው ድምፅ ነው። እጀታውን ለቀቅኩ። ከበሩ ራቅ ብዬ፣ ከቧንቧው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ማንቆርቆሪያው ሲነሳ ሰማሁ። እንደገና ውሃ። ቢስሚላህ ሲሉ ሰማሁ።

ደብተሬ፣ የወሰንኩትን ጻፊልኝ፣ በሚያስፈራኝ ቀን አውጥቼ እንዳነበው። ውስጥ ምንም ቢወድቅ፣ የቱንም ያህል ቢቆዩ፣ እሰማለሁ፣ እጠብቃለሁ። ካልጠሩኝ አልገባም።